የሰው እጅ አትዪ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ነሐሴ 9

ውድ ወንድሜ፣ አባ ጥዑመ ልሳን፣

ቡራኬዎ ይድረሰኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድምዓለም ስልዎት ኖሬ፣ አባ ብሎ መጻፍ እጄን አሁንም ይከብደዋል። ከቆብዎ ጋር የተጣላሁ ግን አይምሰልዎ። ወለተ ጊዮርጊስ ካረፈች በኋላ ልጆቹን ለእኔ ትተው ገዳም መግባትዎን አንድም ቀን አልነቀፍሁም፤ ሚስት የሞተችበት ቄስ ወጉ ይኸው ነው። የምጽፍልዎ ስለ ልጅዎ ስለ ወለተ ሩፋኤል ነው። ልጅዎ አትበላም። እኔም ላበላት አልቻልሁም።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ክረምቱን በረኃብ እንዳይከርሙ ብለው የመሥሪያ ቤት ሰዎች አዋጡና እዚሁ ሰፈራችን በአንድ አዳራሽ ነጻ ምሳ ጀመሩ። ከሕፃን እስከ ጎረምሳ የመጣ ሁሉ ይበላል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ወጥ ሠሪ ሆኜ ገባሁ። የማገኘው ለቤት ኪራይ ነው የሚሄደው፤ እቤት ድስት የሚጣደው ማታ ብቻ ስለሆነ የልጆችዎ ምሳ ያለው እዚያው አዳራሽ ነው። ትንሹ ልጅዎ ክንዱ መብላቱ አልቸገረውም። የስምንት ዓመት ልጅ ይሉኝታ ምን ያውቃል፤ የራሱን ሽሮ ጠራርጎ የጎረቤቱን ሳህን በዓይኑ ይጨርሳል። እኅቱ ግን ታመጣውና በልቶ እስኪወጣ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች።

በመጀመሪያው ሳምንት «ነይ ግቢ እንጂ» አልኋት።

«ስዕለት አለብኝ እትዬ። ስለ አባቴ ጤና ክረምቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።»

ምሳው በስድስት ሰዓት ነው፤ በዘጠኝ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። የእኛን ቤት ያውቁታል፤ ስዕለትሽን አፍርሺ የሚል አፍ የለንም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልንገርዎና፣ ኮራሁባት። አንድ ሳህን ላቆይላት ብዬ አስተባባሪውን አቶ መልካሙን ለመንኋቸው። «እህቴ፣ ዛሬ አንድ ሳህን በበሩ ከወጣ ነገ ድስቱ ነው የሚወጣው። እዚሁ ትብላ» አሉኝ። ልቆጣቸው አሰብሁ፤ ነገር ግን ከበሩ ውጭ ባዶ ዕቃ ይዘው የሚቆሙትን እናቶች እኔም አያለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ የወጥ ሠሪዋን ልጅ እንደሚርባት ግን አላሰብሁም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ልጆቹ ሁሉ ቅዳሴ ሳይወጣ አንበላም ስላሉ አቶ መልካሙ ምሳውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዞሩት። ደስታዬን አይጠይቁኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ለወለተ ሩፋኤል ቀዳሁና ሳህኑን ይዤ በሩ ድረስ ሄድሁ። «ይኸው ዘጠኝ ሰዓት! ስዕለትሽ ደረሰ» አልኋት።

ሳህኑን አየችው። ምራቋን ስትውጥ አየኋት።

«ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጌዋለሁ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ስዕለት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ። በማግስቱ ቦኖ ላይ ጀሪካኗን ልታነሳ ስትል ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ ነርሷ አገላብጣ አየቻትና «በሽታ የለባትም፤ አብሏት» አለችኝ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው የታዘዝሁት። ቤት ስንገባ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ እያለቀስሁ ለመንኋት፤ እሷም አለቀሰችና ተናገረች።

«ሳህኑን የሚያድሉት እነ ፍሬ ስብሐት ናቸው እኮ፣ እትዬ። አባቴ ዜማ ሲያስተምራቸው በቤታችን እንጀራ የማቀርብላቸው እኔ ነበርሁ። አሁን እጄን ልዘርጋላቸው? አባቴስ ጀልባው ላይ ሲወጣ ምን ብሎኝ ሄደ?»

ያሏትን አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ልጄ፣ የሰው እጅ አትዪ፤ እግዚአብሔር አለልሽ» ነው ያሏት። የአባት ስንብት ነው፤ በክፉ አልተናገሩትም። እሷ ግን እንደ ግዝት ይዛዋለች።

እኔም ዝም አላልሁም። አባትሽ ራሱ በተማሪነቱ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ የአንበሳሜን ደጅ ሁሉ ሲለምን ነው ያደገ፤ ባቱ ላይ ያለው ጠባሳ ቁራሽ ሊቀበል ሲገባ ውሻ የነከሰው ነው አልኋት። አላመነችኝም። «ልታበዪኝ ብለሽ ነው። ቢሆን ኖሮ አባቴ ይነግረኝ ነበር» አለች። ለእኛ ለእኅቶችዎ እየሳቁ ስንት ጊዜ ያወሩልንን፣ ለልጅዎ ለምን ሳይነግሯት ቀሩ ወንድምዓለም?

ቅዳሜ ወደቡ ድረስ ሄድሁ። ደሴቲቱ ሴት እንደማታስገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እግሬ ወሰደኝ። ለገዳሙ ዕቃ የሚያመላልሰው ዲያቆን ቃለ ሕይወት «አባ ሱባኤ ዘግተዋል፤ ፍልሰታ ሳይፈታ ሰውም ደብዳቤም አይቀበሉም» አለኝ። ከድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጀልባው ደንገሉን አልፎ እስኪጠፋ አየሁት። ወደ እርስዎ መሄድ አልችል፣ እሷን ማስገደድ አልችል፣ ሳህን ከበር ማውጣት አልችል። እጄ ሽሮ ከማማሰል ሌላ የሚችለው የለውም።

እንግዲህ ይህን ከሱባኤ ሲወጡ ያነቡታል። ይምጡ አልልዎትም። ያሰሩትን ግን እርስዎ ይፍቱት። በእጅዎ ጽሑፍ፣ አኩፋዳ ይዤ ለምኛለሁ፣ ልጄ ሆይ ብዪ ብለው ይጻፉላት። የእርስዎን ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ ከእኔ ዕንባ ይልቅ እሱን ታምናለች። ምሳው ጳጉሜን ሲገባ ያበቃል፤ ቢዘገይም ግን ይጻፉ።

እስከ ትናንት ድረስ ፍልሰታ ሳይፈታ መጻፍ አይገባኝም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ልጆቹ ከቅዳሴ መጥተው ሲገቡ ክንዱን ከመካከላቸው አጣሁት። ወጥቼ ባይ በሩ ላይ ከእኅቱ ጃንጥላ ሥር ቆሟል።

«ና እንጂ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ» አልሁት።

ቀና ብሎ እኅቱን አያትና «እኔም ስዕለት አለብኝ» አለኝ።

ሁለት ሳህን ቀድታ የምትጠብቅ እህትዎ፣
ሰብለ ወንጌል