ከአንድ ሜትር ከሃያ በላይ ስለ ወጣው አጥሬ

ቀን፦ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለዓይን ዙሑር ማዘጋጃ ቤት
የግንባታና የአጥር ደንብ ማስከበሪያ ክፍል ኃላፊ

አመልካች፦ ሙንጂ ቡሁሊ፣ ጡረተኛ፣ የወይራ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር 9
ተጠሪ፦ አቶ ላስዓድ ሸርፊ፣ የወይራ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር 11

ጉዳዩ፦ የፊት ለፊት አጥሬን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድቆርጥ የተሰጠኝ ትእዛዝ እንዲታገድልኝና እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት ምክንያቴ እንዲሰማልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህችው ከተማ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሰዎች በእኔ ላይ አቤቱታ ጽፈው ያውቃሉ፤ እኔ ግን በማንም ላይ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢዛነፍ ክቡርነትዎ በትዕግሥት እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

1. በዚህ ወር በ12ኛው ቀን የክፍልዎ ተቆጣጣሪ መጥቶ አጥሬን ለክቶ ትእዛዙን በእጄ ሰጥቶኛል። ትሑት ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። ከመንገዱ ዞሮ በአቶ ላስዓድ ግቢ በኩል የሚያልፈው የጥድ አጥሬ ሁለት ሜትር ከአሥራ አምስት ሆኖ መገኘቱን ጽፏል። እኔ ስለካው ሁለት ሜትር ከስምንት ነው፤ እርሱ ሜትሩን ያቆመው የእግረኛው መንገድ ላይ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ከግቢዬ ዝቅ ይላል። ለሰባት ሳንቲ ሜትር ግን ጊዜዎን አላባክንም። ደንቡ አንድ ሜትር ከሃያ ይላል፣ እኔም ደንቡን አልፌአለሁ፤ አልክድም።

2. የጎረቤቴ የአቶ ላስዓድ ክስ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ አጥሬ መንገዱን ይጋርደዋል። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ሙንያ በግቢዋ የምታሰጣውን በርበሬ ፀሐይ ይከለክለዋል። ሦስተኛ፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ዘክያ በየጠዋቱ ከአጥሩ ጀርባ ሆና ስሙን እየጠራች ትሰድበዋለች።

3. ስለ መጀመሪያው ነጥብ፣ እውነቱን ነው። እርሱ በሌለበት ቀን በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። የመኪናው ኋላ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ በግራ በኩል የሚመጣ አይታይም። ስለዚህ ማንም ሳያስገድደኝ ባለፈው ዓርብ መጋዝ ይዤ የማዕዘኑን ሦስት ሜትር ወደ ደንቡ ልክ አውርጄዋለሁ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ማየት ይችላል።

4. ስለ በርበሬው፣ ግማሽ እውነት ነው። እስከ ቀትር ፀሐይዋ የወይዘሮ ሙንያ ናት፤ ከዚያ በኋላ ጥዴ ይጋርድባታል። ነገር ግን ይህ በርበሬ ለአሥራ ሰባት ዓመት የሚሰጣው ጣሪያ ላይ ነበር። ዘንድሮ፣ ክሱ በተጻፈበት ዓመት፣ ምን አግኝቶት ከጣሪያ ወደ ግቢ እንደ ወረደ በርበሬው ራሱ ቢጠየቅ ይሻላል። ይህን ያልኩት ተናድጄ ነው፤ ይቅርታ።

5. ስለ ሦስተኛው ነጥብ ከመመለሴ በፊት የነበረውን ማስረዳት ይኖርብኛል። አቶ ላስዓድ አጠገባችን ቤት ሠርቶ የገባው የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ባለቤቴ ለሠላሳ አራት ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ እርሱንም በልጅነቱ አስተምራዋለች። የገባ ዕለት ሚስቱን ይዞ መጥቶ የዘክያን ራስ ሳመና ለሚስቱ፣ «እጄን በማስመሪያ ያቀላችው ይቺ ናት» ብሎ አስተዋወቃት። ተሳሳቅን። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ በሌሉበት ልጅ ሆኖልኛል። በረመዳን፣ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ ከእነርሱ ግቢ ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደ እነርሱ የሾርባና የጥብስ ሰሃን በአጥሩ አናት ላይ ይተላለፍ ነበር። ለዚያ አንድ ሜትር ከሃያ ልክ ቁመት ነው፤ የሴት ክንድ ይደርሳል። «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ» የሚለውን የሀገራችንን አባባል እኔ በዓይኔ ያየሁት ሰው ነኝ።

6. አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። በሰፈራችን ልማድ አንድ ሰው ወደ ጎረቤቱ በኩል ያለውን አጥር ከፍ ሊያደርግ ሲፈልግ አስቀድሞ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። ጣፋጭ ነገር ይዞ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ምክንያቱንም ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ አጥሩን ሰማይ ቢያደርሰው የሚከፋ የለም። ሳይናገር ከፍ ያደረገ ግን ሌላ ነገር ተናግሯል። «የእናንተ ቤት ወንድ ዓይኑ አያርፍም፣ ሴቶቼን ያይብኛል» ማለቱ ነው። ይህን በዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

በፌብሩዋሪ 2018 አቶ ላስዓድ ከነቤተሰቡ ለአማቶቹ ቤት ሰርግ በሄደበት ሁለት ቀን ውስጥ በጥዱ ላይ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ የሸንበቆ መጋረጃ አሰርኩ። ከዚያ ወዲያ ጥዱን መከርከም ተውኩ። ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያም ጠርቶኝ እንዲህ አለኝ፦ «አጎቴ ሙንጂ፣ ከእኛ ቤት ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ሰው አይተዋል እንዴ?»

የጠየቀኝ በአክብሮት ነው። እዚያው ላይ እጁን ይዤ ወደ ቤት ባስገባው ኖሮ ዛሬ ይህን ወረቀት አላስቸግርዎትም ነበር። እኔ ግን፣ «አጥሩ የእኔ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ይመችዎት» ብሎ ገባ። ሁለት ረመዳን አለፈ፤ አንድም ሰሃን አልተላለፈም። የእነርሱ አንድ ሰማያዊ ሰሃን እኛ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ቀረ አለ፤ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፣ ሞልቶ ለመመለስ ደግሞ የማንኳኳበት ፊት የለኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

7. ክቡር ሆይ፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለቤቴ ዘክያ አእምሮዋ ታሟል። ከጀመራት አራት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ ነበር የሚጠፋት፤ ቀጥሎ የልጃችን ስም፤ አሁን እኔን አንዳንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አድርጋ ታየኛለች። ለሰፈሩ፣ «ጉልበቷን አሟት አትወጣም» አልኩ። ወይዘሮ ሙንያ ሁለት ጊዜ ልትጠይቃት መጥታ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ተኝታለች» ብዬ ከበር መልሻታለሁ። ዘክያ ከቤት ስትወጣ ካፖርቷ ተተኩሶ፣ የራስ መሸፈኛዋ ተስተካክሎ፣ መንገዱ ሁሉ ቆሞ «ደኅና አደሩ መምህርት» የሚላት ሴት ነበረች። ያቺ ሴት እንዲህ ሆነች ብዬ በአፌ መናገር አልቻልኩም። አፍሬ ነው። በእርሷ አይደለም፤ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ብቻ አፍሬ ነው።

በዚያ ፌብሩዋሪ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳላያት በውስጥ ልብሷ ብቻ ወደ ፊት ግቢ ወጣች። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ወጣቶች በመንገዱ ያልፉ ነበር። እርሷም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ሰልፋቸውን እንዲያስተካክሉ ትቆጣቸው ጀመር። ሦስቱ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አራተኛው ስልኩን አውጥቶ ወደ እርሷ አነሳ። እኔ ስደርስ ሮጧል። ሸንበቆውን የገዛሁት በዚያው ዕለት ነው። ከአቶ ላስዓድ ዓይን አልሸሸኋትም፤ ከዚያ ስልክ ነው የደበቅኋት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ግቢ እየገባሁ ቆጣሪ ሳነብ ያየሁትን የሰው ገመና በሆዴ ይዤ ኖሬአለሁ። የራሴን ግን ለአንድ ጎረቤት ማመን አቃተኝ።

በውስጥ አትዘጋባትም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አንድ ክረምት ሞክሬዋለሁ። «ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል» እያለች የሳሎኑን መስታወት በክንዷ ሰበረች፤ ስምንት ቦታ ተሰፋች። የኋላ ግቢ የለንም፤ ከኋላችን ያለው የሌላ ሰው ግድግዳ ነው። የምትረጋው በፊት ግቢው ሎሚ ሥር ስትቀመጥ ብቻ ነው። ስፋቅስ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ሱንዱስ የአረጋውያን ማቆያ አዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ እኔም «አጥሩ እስካለ እናትሽ ከቤቷ አትወጣም» ብዬ ቃል ገብቼ አስታግሻታለሁ። አጥሩ ከወረደ ወይ ቆልፌባት እኖራለሁ፣ ወይ ትወሰዳለች። የጉዳዩ ክብደት ይኸው ነው።

8. አሁን ስድብ ስለ ተባለው።

ዘክያ ሎሚው ሥር የአበባ ማሰሮዎቹን በረድፍ አስደርድራኝ በየጠዋቱ ስም ትጠራለች። እ.ኤ.አ. የ1984 የሦስተኛ ክፍል ዝርዝር ነው፤ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ነው፤ የእኔን ስም የረሳች ሴት ከዚያ ውስጥ አንዱን አትስትም። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ በተጠሩት ፈንታ «አለሁ» እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በየጥሪው ሃያ ሁለት ጊዜ «አለሁ» እላለሁ፤ ለሞቱትም፣ ባሕር ተሻግረው ለቀሩትም። እርሷም ራሷን እየነቀነቀች ታልፋለች።

ሃያ ሁለት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ሃያ ሦስተኛው ላስዓድ ሸርፊ ነው። እዚያ ስትደርስ የእኔን ድምፅ አትቀበልም፤ ምክንያቱም እርሱ ከአጥሩ ወዲያ ለሚስቱ ሲናገር፣ መኪናውን ሲያስነሳ ትሰማዋለች። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞራ፣ «እዚያ ነው ያለው፤ እየሰማኝ ለምንድን ነው የማይመልስልኝ?» አለችኝ። በየጠዋቱ እዚያ ላይ ድምፅዋን ከፍ ታደርግና ክሱ ላይ ቃል በቃል የተጻፈውን ትላለች፦ «ላስዓድ ሸርፊ፣ ዛሬም አርፍደሃል፣ በበሩ አትግባ፣ እዚያው ቁም።» እርሱ ይህን ሲሰማ ደጃችንን እንዳይረግጥ የተከለከለ መሰለው። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ይመስለኝ ነበር።

ከሃያ ሦስት በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ልጆች ሳይጠሩ ይውላሉ። እንደ ገና ከአንድ ትጀምራለች፣ እዚያው ላይ ትቆማለች፣ ታለቅሳለች። በዚህ ወር ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ብሶባታል።

9. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ከጠቅላላው አሥራ አራት ሜትር አጥር ሎሚው ፊት ያለው አራት ሜትር ብቻ፣ ባለቤቴ በሕይወት እስካለች ድረስ፣ አሁን ባለው ቁመት እንዲቆይልኝ። ከቀረው አሥር ሜትር ሦስቱን አውርጄአለሁ፤ ሰባቱንም፣ በበርበሬው በኩል ያለውን ጨምሮ፣ በራሴ እጅ አወርደዋለሁ።

ለ) ውሳኔዎች በመሥሪያ ቤትዎ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፉ አውቃለሁ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ዘክያ ያስተማረቻቸው ናቸው። የዚህ ጉዳይ ምክንያት በሰሌዳው ላይ እንዳይወጣ፤ «በስምምነት ተዘግቷል» ቢባል ይበቃኛል።

ሐ) በሥርዓቱ መሠረት የአቤቱታ ግልባጭ ለተጠሪው እንደሚሰጥ ተቆጣጣሪው ነግሮኛል። ሌሎች ይህ እንዳይሆን ይለምኑ ይሆናል። እኔ ግን በፍጥነት እንዲሰጠው፣ ውሳኔም ከመሰጠቱ በፊት ሙሉውን እንዲያነበው እጠይቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሃያ እርምጃ ሄጄ በሩን ማንኳኳት አቅቶኝ በማዘጋጃ ቤት በኩል እየዞርኩ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ሽማግሌ ሲፈራ እንዲህ ነው። በአጥሩ ቁመት ላይ የምትወስኑትን ግን ምንም ቢሆን እቀበላለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሙንጂ ቡሁሊ

ግልባጭ፦
— ለመዝገብ ቤት
— ለአቶ ላስዓድ ሸርፊ፣ የቤት ቁጥር 11፣ በእጅ የሚሰጥ። ስም የሚጠራው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መግባት ባትፈልግ፣ «አለሁ» ብትል ከአጥሩ ወዲያም ይሰማል።