«ገባችሁ?» ማለት ቀረ

ልጄ ውቢት፣ የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት ዱባይ ድረስ ይከተልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ጉና ላይ ውርጭ ወርዶ የአጎትሽን ገብስ መታው፤ ድንቹ ግን ተርፏል።

እኔ ግን በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር አላማረኝም። የማስተማር ሥልጠና ነው ብለው አለምነው የሚባል ልጅ እግር አሠልጣኝ ላኩብን። ሽምግልና የተጫነንን ለይቶ ሊያስወጣን ነው ብዬ ጠረጠርሁ። አሁንም አላመንሁትም።

ባለፈው ክፍሌ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ክፍልፋይ አስተማርሁና እንደ ልማዴ «ገባችሁ?» አልኋቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ» አሉ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሣና፣ «መምህርት፣ ካልከፋዎት አንዷ ወጥታ ሠርታ ታሳየን» አለኝ። ከሁሉ አብልጣ የጮኸችውን መሪማን ጠራኋት። ጠመኔውን እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ደርቃ ቀረች። ሌሎቹንም ብጠራ ያው ሆነ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን «አዎ» የሚሉኝ እኔን ደስ እንዲለኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬዬ ወደ አንቺ ዞረ። በስልክ «ደህና ነሽ?» ስልሽ፣ አፌን ሳልዘጋ «ደህና ነኝ እምዬ» ትያለሽ። ስለዚህ እንደዚያ ብዬ አልጠይቅሽም። ትናንት ምን በላሽ? የምትተኚው የት ነው? ሲያምሽ ማን ያይሻል? እስቲ በቪዲዮ ደውይና ክፍልሽን አሳዪኝ።

እመቤታችን ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ። መሪማን አልተቆጣኋትም፤ አንቺንም አልቆጣሽም።

እናትሽ