አይጧ እናት ገበያ አልሄደችም

ለምወድህ ለጫልቱ አባት፤

ደብዳቤ ሲጀመር የሚባለውን «ለጤናህ እንደምን አለህ» ዘልዬዋለሁ። ያ የመጨረሻው በጋ ሙሉውን ያለቀው ስለ ጤና በማውራት ነው፤ ይበቃናል። ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ላለቅስልህ አይደለም፤ ደስ ስላለኝ ነው። ደስ ሲለኝ ዝም ማለት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሼ ጨረስኩና አንተ ቀረኸኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በጓዳ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ተቀይሯል። እኔ እዚያው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነኝ። ጫልቱ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ካፖርትህን ልብስ ሰፊው አሳጥሮላት ትምህርት ቤት የምትሄደው እሱን ለብሳ ነው። ኪሱን ሳጥብ እንዳንተው ጠመኔ አገኝበታለሁ፤ ከየት እንደምታመጣው እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኦቦ ተሬሳ የቡና መጋዘኑን እንደገና ሲኒማ አድርጎታል።

አንተ ካረፍክ ወዲህ ዘግቶት ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰው ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ ያስከፋ ነበር እንጂ ሐሰት አልነበረም፦ «ሸራው አለ፣ ሞተሩ አለ፣ የሚናገርልን ሰው የለም። የፈረንጅ አይጥ በፈረንጅ አፍ ስትንጫጫ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?» ይል ነበር። እኔም በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። አንተ በሸራው ጎን ቆመህ፣ አንዴ ባማርኛ አንዴ በኦሮምኛ እየገለበጥክ፣ ክረምቱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅህን ከዝናቡ በላይ እያወጣህ የተናገርክበት ቤት ነው። ሕዝቡ ባዶ ጆንያ አንጥፎ የሚቀመጥበት፣ አዲስ ቡና ሲገባ ደግሞ ለጆንያው ቦታ ለቆ የሚወጣበት ቤት። አሁን እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ለጆንያ ብቻ ሊሆን ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ኦቦ ተሬሳ መድኃኒት ቤት ለራስ ምታቱ መጣና፣ ክኒኑን ከተቀበለ በኋላም አልሄድ አለ። «ሃዳ ጫልቱ» አለኝ፣ እንደ ልማዱ በልጄ እናትነት እየጠራኝ፣ «አንቺ እንግሊዝኛ ተምረሻል። ድምፅም እግዜር ሰጥቶሻል። አንድ ቅዳሜ እንሞክር። ቤቱ ሞልቶ ሰው ድገሙልን ካለ እንቀጥላለን፤ ካላለ ቅዳሜም የቡና ነው፣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።» አንድም ቀን አንስቼበት አላውቅም ነበር። ፊቴን ሳዞር ሲያየኝ ኖሮ መሆን አለበት። እሺ አልኩት።

የትኛው ፊልም ይምጣ በሚለው ላይ ግን የኔ ፈቃድ አልተጠየቀም። አዲስ አበባ ያለው አከራይ «ከኤሊዋ ቤት ፊልሞች አሁን በእጄ ያሉት አይጦቹ ብቻ ናቸው» ብሎ ላከ። ስሰማ ልቤ ወረደ። ምክንያቱን አንተ ታውቃለህ።

ኤሊዋን እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያውቋት አይመስለኝም፤ አጠገብህ የሚያነብ ካለ ንገረው። ፊልሙ ሲጀምር ብሩሽ በአፏ የያዘች ኤሊ እየተጎተተች መጥታ በሸራው ላይ መስመር ታሰምራለች፤ ሥዕሎቹን የሚሠራው ቤት ምልክት ናት። ያ ቤት የሠራቸው አምስት ረጃጅም የሥዕል ፊልሞች ነቀምቴ ገብተዋል። ቅዳሜ ከመጋዘኑ ወጥተን ጫልቱን መሃል አድርገን ቁልቁል ስንወርድ የምንጨቃጨቅባቸው እነዚሁ አምስቱ ነበሩ።

አንተ ሁልጊዜ የምታስቀድመው የቆሙትን ሰዓቶች ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ቀጥ ይሉና ቁልፍ ሠሪው ሽማግሌ ብቻውን በባዶው መንገድ ላይ ይሄዳል፤ ይሄዳል፤ አሁንም ይሄዳል። ጥላው ግድግዳ ላይ ሲረዝምና ሲያጥር የተሳለበት መንገድ ግሩም ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አንተ የወደድከው ንግግር ስለሌለው ጉሮሮህ ስለሚያርፍ ነው ስልህ ትስቅ ነበር።

የኔ ደብዳቤ አመላላሿ ዝይ ናት። ዘፈኑ በዝቷል፣ መሃሉ ላይ ያለው የበረዶ ጉዞም እጥር ቢል ጥሩ ነበር። ነገር ግን ያቺ ዝይ በር አንኳኩታ ደብዳቤውን ከሰጠች በኋላ ወዲያው አትሄድም። የተቀባዩን ፊት ታያለች። ክፉ ወሬ ከሆነ ክንፏ ዝቅ ይላል፣ ደግ ከሆነ ጅራቷ ይወዛወዛል። አንድም ቃል ሳይነገር ደብዳቤው ውስጥ ያለውን እናውቃለን። ዝይ ስሎ ይህን ማሳየት የሚችል እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው እያልኩ እደነቅ ነበር።

ዓሣ ነባሪው ሦስተኛ መሆኑን ሁለታችንም ተስማምተናል። ክፉው መርከበኛ ከመጠን በላይ ጅል ነው፤ ጅል ሰው ደግሞ አያስፈራም። ውኃው ግን ያምራል። ባሕር ያየ ሰው ቤቱ ውስጥ ስላልነበረ አንተ «ማዶ የሌለው ዲዴሳ በሉት» ብለህ በወንዛችን አስረዳሃቸው። እስከ ዛሬ የምሥራቅ በር ሰፈር ልጆች ባሕርን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ሞኙ ንጉሥ ደግሞ አለ። «ንጉሥ» ልትል አፍህን ከፍተህ ከኋላ የቆሙትን ፖሊሶች ስታይ «ሀብታም ነጋዴ» አደረግኸው። ፖሊሶቹ ሳቁ፤ ኦቦ ተሬሳ ግን ለሁለት ሳምንት አኮረፈህ። አራተኛ የሆነው በዚህ ሳይሆን ታሪኩ ስስ ስለሆነ ነው።

መጨረሻው የወፍጮ ቤቱ አይጦች ነበሩ። እኔ ዘንድ ሁልጊዜ መጨረሻ። በውኃ ወፍጮ ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰብ ናቸው፤ አባት፣ እናትና አራት ልጆች። እናትየው ገና ከመጀመሪያው ትታመምና ሽማግሌው እንቁራሪት ሐኪም ይመጣል፣ ሻማው ይጠፋል፣ ልጆቹ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ከዚያ በቀጥታ ዱቄት ተቀብታ ስትስቅ እናያታለን። አንተም «ተቆጥታ ወላጆቿ ቤት ሄዳ ነበር፤ ጃርሶሊ ገብተው ታረቁና ተመለሰች» አልክ። ሽማግሌ ገብቶ ሚስት መመለስ ለኛ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለምና ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አዴ ዲንቂቱ፣ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጠው፣ «ባልየው ምን ሰጥቶ አስታረቀ? ባዶ እጁን ከመጣ አትግባለት» ብላ ከመቀመጫዋ ጮኸች። እኔ ግን መጨረሻው አናደደኝ። ልጆቹ አድገው ትልቅ ድግስ ሲደገስ እናትየው የለችም። አንተ «ገበያ ሄዳለች» አልክ። የልጆቿ ድግስ ቀን ገበያ የምትሄድ እናት የት አለች? ስመጣ ስሄድ ይህን ስልህ፣ «አንዳንዷ ትሄዳለች» ብለህ ታልፈው ነበር።

እና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቅዳሜው በፊት፣ ቃሉን እንዳጠና ብሎ ጉደታ ፊልሙን ለብቻዬ አሳየኝ። ጉደታ ያው ነው፣ አሁንም መሣሪያውን የሚያሽከረክረው እሱ ነው። የመጣው ቅጂ አዲስ ነበር። አምስቱም የፊልም ጥቅሎች ላይ ቁጥር በደማቁ ተጽፏል። ባዶ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ አልነበረም፤ እንግሊዝኛው ቃል በቃል ይሰማል። እናትየው ዱቄት ተቀብታ ስቃ፣ ልጆቿን ፊደል አስቆጥራ፣ ወፍጮውን ከጎርፍ አድና፣ ከዚያ በኋላ ነው የታመመችው። አራተኛው ጥቅል ላይ። እንቁራሪቱ ሐኪም ኮፍያውን አወለቀና አባትየውን «ሞታለች» አለው። አምስተኛው ድግሱ ነው።

ገባኝ። ፊልሙ መጀመሪያ በመጣ ጊዜ ባኮ ላይ የጫነው መኪና ወንዝ ውስጥ ተይዞ ሣጥኖቹ ውኃ ገብቷቸው ነበር። ቁጥሩ ታጥቦ ስለጠፋ በግምት ስታስገቡ አራተኛው ከሁለተኛው በፊት ገብቷል። እኔ የዚያን ቀን ከኋላ ነበርኩ፣ ቆርቆሮው ይጮህ ነበር፣ ካንተ ድምፅ በቀር የሰማሁት የለም። ከዚያ በኋላም በመጣ ቁጥር እንደዚያው አሳያችሁት።

ጉደታን «መምህር ይህን ያውቅ ነበር?» አልኩት። መሣሪያውን መወልወሉን ሳያቆም «አወቀ እንጂ» አለኝ። «ያኔውኑ፣ ጥቅል ስንቀይር። ይቺ ኋላ ነበረች የምትገባው፣ ላስተካክል ወይ አልኩት። ቤቱን ዞር ብሎ አየው። ፊት ለፊት ሁሉ ሕፃን ነው። ‹ተዋት፣ ወደ ቤቷ ትመለስ› አለኝ።»

እዚያው ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ትንሽም ሌላ ነገር ሆንኩ። ስንት ዓመት ስነዘንዝህ እንዲህ ብለህ አልነገርከኝም።

ጉደታ ነገ በየትኛው ላድርገው ብሎ ጠየቀኝ። ባንተ አሠራር ብናደርገው ቤቱ እንደሚወደው እርግጠኛ ነበርኩ፤ ኦቦ ተሬሳም የፈለገው ያንን ነው። ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒት ስቆጥር ሁሉ ሳስበው ነበር። የጫልቱ አባት፣ አንተ ከሞት መልሰሃታል፣ ጥሩ አደረግህ። እኔ ግን ባሌን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ ጥቁር ያወለቅኩ ሴት አይደለሁም፤ ከተማው በሙሉ ሲያየኝ የከረመ ነኝ። እዚያ ሸራ ጎን ቆሜ፣ ጫልቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ገበያ ሄዳለች ማለት አፌ እሺ አላለኝም። ጉደታን በቁጥሩ አድርገው አልኩት።

ቤቱ ሞላ። በኦሮምኛዬ ሳቁ፤ አሁንም የሸዋ አያቴን ምላስ ይዤ ነው የምናገረው። ጎርፉ ላይ ሲደርስ ግን መሳቁን ትተው ነበር። አራተኛው ጥቅል መጣ። እንቁራሪቱ ኮፍያውን አወለቀ። «ሞተች» አልኩ። ከዚያ በኦሮምኛ «ዱቴ» አልኩ።

አዴ ዲንቂቱ ብድግ አለች። «ሃዳ ጫልቱ፣ ተሳስተሻል። ወላጆቿ ቤት ናት። መምህር ነግሮናል።» አንዱ ከኋላ «ቆይ ትመጣለች፣ ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች። ድግሱ ሲጀመር ሰው ሁሉ በሩን ያያል፣ በሥዕሉ ላይ ያለውን የወፍጮውን በር። ማንም አልገባበትም። አለቀ፣ መብራት በራ፣ የተነሳ ሰው የለም።

ሲነሱም ዝም ብለው አልወጡም። በኔ በኩል አለፉ፣ አንድ በአንድ እጄን እየጨበጡ። «ዋቅ ሲ ሃ ጀጀቤሱ»፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ። አዴ ዲንቂቱ አቀፈችኝና «ምስኪን፣ እኛ እኮ አስታርቀናት ነው የከረምነው» አለች፣ ለማን እንደምታለቅስ እንጃ። ያንተ ለቅሶ ላይ ይኸው ሕዝብ ይኸንኑ ቃል ብሎኛል። ያኔ አልሰማሁትም። አሁን ሰማሁት።

ጫልቱ ግን አላለቀሰችም። ቁልቁል ስንወርድ፣ «ድሮም ገበያ እንዳልሄደች አውቅ ነበር» አለችኝ። «ቅርጫቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አባባ ደስ ይበለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» አየህ፣ ሁለታችሁ ተደባብቃችሁ እኔ ብቻ መሃል ላይ ቀርቻለሁ።

ኦቦ ተሬሳ ማታውኑ «ገንዘብ ከፍሎ ሊያለቅስ የሚመጣ የለም፣ አበቃ» ብሎ ነበር። እሑድ ከጸሎት በኋላ አዴ ዲንቂቱ ሴቶቹን አስከትላ ደጁ ላይ ቆመች። ሌላ ፊልም አልጠየቁም። «ያቺኑ ድገሙልን፤ በሳምንቱ ደግሞ መምህር እንደሚያደርገው አድርጉልን፤ አንዴ ቤቷ ትግባልን» አሉት። እሱም ራሱን ይዞ እኔ ዘንድ ክኒን ሊገዛ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሲኒማው አልተዘጋም። ጥቅምት ላይ ቡናው እስኪገባ እንቀጥላለን። ዲጋ ከተማ ያሉትም ኑልን ብለው ልከውብናል፤ ጉደታ ሸራውን በጭነት መኪና ይዞ እንሂድ እያለኝ ነው።

ስለዚህ ደረጃው ተለውጧል፤ ሳትቆጣ ስማኝ። አይጦቹ በቁጥራቸው ሲታዩ አንደኛ ናቸው። ዝይዋ ወደ ሁለተኛ ወርዳለች፣ ቅር ብሎኛል ግን እውነት ነው። ሰዓቶችህ ሦስተኛ፣ ዓሣ ነባሪው አራተኛ፣ ሀብታሙ ነጋዴ አምስተኛ። ያቺ ወላጆቿ ቤት ሄዳ የታረቀችውን በደረጃው ውስጥ አላስገባኋትም። እሷን የሠራት የኤሊዋ ቤት አይደለም፤ አንተ ነህ። ባለፈው ቅዳሜ ጉደታ መብራቱን ሳያጠፋ ሸራው ፊት ቆሜ፣ «ዛሬ የምታዩት በመምህር ኢታና ቅደም ተከተል ነው» ብዬ ተናገርኩ። ዲጋም ስንሄድ፣ ሰዎቹ አንተን ባያውቁህም፣ እንዲሁ ብዬ ስምህን ሳልጠራ አላስጀምርም።

የጫልቱ እናት