ሌላው ኒኖ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 7፣ 1998 — ከሰዓት

ነጩ ልብስ ታጥቧል። ጥቁሩ ማሽን ውስጥ ነው። ጉንፋኔ አልለቀቀኝም፤ ነገ ቤ/ክ መሄዴ ያጠራጥራል። ኒኖ ሥራ ላይ ነው። እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ውስጥ ቅዳሜ መኪናው የማይበላሽበት ሰው የለም መሰለኝ።

ማስታወሻዬ፣ ሳቂብኝ። ቅድም አንድ ሰው ደውሎ አንተነህን አቅርቢልኝ ሲለኝ፣ ተሳስተሃል ብዬ ዘጋሁበት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው አንተነህ ባሌ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ፒያሳ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ያስተማረው ሽማግሌ ጣሊያን አንተነህ ማለት አቅቶት ኒኖ አለው፤ በዚያው ቀረ። እናቱ እንኳ ኒኖ ነው የሚሉት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 8 — ማታ

የዛሬውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ቤት ቀረሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኒኖ ተጠርቶ ወጣ፤ ሀይዌይ 78 ላይ መኪናዋ የቆመችባት ሴት ነበረች። ፔጀሩን ኩሽና ረስቶ። ምስር ጥጃለሁ። በር ተንኳኳ።

አቶ ታፈሰ ናቸው፤ የቤ/ክ ሽማግሌያችን። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ሴቶች፣ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። መኪናቸውን ሣሩ ላይ ሳይቀር ፓርክ አድርገዋል። ከዚያ አንዷ «እኔን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አቶ ታፈሰ፦ «ልጄ፣ ኒኖን እግዜር ወስዶታል። ቤተ ክርስቲያን ተደውሎ ነው የሰማነው።»

«አሁን እኮ ነው የወጣው» አልኳቸው።

«በርቺ፣ ልጄ። በርቺ።»

መጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ምስሩ ሊያርብኝ ነው። እግዜር ያየኛል፣ እሱን ነው ያሰብኩት። ሴቶቹ ይጮኻሉ፤ እኔ አላለቅስም። በር ሥር ያለውን ጫማውን አያለሁ። ማሰሪያውን ሳይፈታ ነው ሁልጊዜ የሚያወልቀው። ስንቴ ተጣልተናል በዚህ።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ የኩሽናው በር ተከፈተ። ኒኖ፣ እጁ ግራሶ በግራሶ። ሰዉን አየ። ጥቁሩን ልብስ አየ። ባለበት ተንበረከከና እናትሽ ናት? እናትሽ ናት ወይ? እያለ ማልቀስ ጀመረ። አማቱን ነው የሚያለቅሰው! አንዷ ሴት በስመ አብ ብላ ወደ ግድግዳው ሸሸች። አቶ ታፈሰ ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ።

እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ትከሻውን እየደበደብኩ። ለምን እንደምመታው አላውቅም።

ምስሩ አርሯል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ስለ ጉንፋኑ ሥራ አልሄድኩም። አቶ ታፈሰ ደወሉ። ይቅርታ፣ አሁንም ይቅርታ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስኔልቪል የሚኖር ሌላ ኒኖ ነበር። ስሙ ገብረ ኪዳን፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ ባለ ታክሲ። ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ጎረቤት አገኘው፤ ደም ግፊት ነው ይላሉ። የደወለው ሰው ኒኖ አረፈ ብቻ አለ። እሳቸው የሚያውቁት ኒኖ አንድ ነው።

ለእሱስ ማን ለቅሶ ደረሰ? አልኳቸው። ከሚስቱ ከተፋቱ ቆይተዋል አሉኝ። ኦሃዮ አንዲት ልጅ አለችው፤ ተነግሯታል። እዚህ ዘመድ የለውም።

ለኒኖ ነገርኩት። እራቱን እየበላ ነበር፣ መብላቱን ተወ። ለቅሶው እኛ ቤት ይሁን አለኝ።

አልፈልግም አልኩ። ቤቴ አንዴ ተለቅሶበታል። ያን በር ደግሞ ለሞት አልከፍትም። ተጨቃጨቅን፤ በቀስታ፣ ግን ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ያለኝ ይኼ ነው፦

«ሰዎቹ ያለቀሱት ኒኖ ሞተ ብለው ነው። እኔ አለሁ። እንባው የእሱ ነው፣ እዚህ ቀርቶበታል።»

ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 11

ልጅቷ መጣች። ሜሮን። ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው የምትሠራው። ረጅም፣ ኮስታራ። የእንግዳ ክፍል አስገባኋት። አቶ ታፈሰን «አንተ ነህ የደወልክልኝ?» ስትላቸው ሴቶቹ ተያዩ፤ እሳቸው ግን «አዎ፣ እኔ ነኝ የኔ ልጅ» ብለው ግንባሯን ሳሙ።

አታለቅስም። ሻይ አቀብላታለሁ፤ ላይክ፣ እኔ በደንብ አላውቀውም ነበር ትለኛለች። የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ነው የተለያዩት። ለገና ይደውላል፤ አየሩ እንዴት ነው ይባባላሉ፤ ያልቃል። ይኼ ሁሉ ሰው ያውቀው ነበር? አለችኝ። ሳሎኑ ሞልቷል። አዎ በሚል አንገቴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ብናገር ግማሹ የመጣው በእሑዱ ስሕተት አፍሮ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 13 — ከቀብር በኋላ

ይኼን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ትናንት ማታ ከክላርክስተን አንዲት ሴት መጣች፣ ወ/ሮ ዘነበች። አናውቃትም። ኒኖ የሚባል ሰው ሞተ ሲባል ሰምታ ነው። ሜሮን ፊት ቁጭ ብላ ነገረቻት፦ ያን ጊዜ በረዶ መንገዱን ሁሉ መስተዋት ሲያደርገው፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሀይዌይ 285 ላይ ጎማዋ ፈነዳ። መኪናው ሁሉ ያልፋል። አንድ ሰው ቆመ። በረዶው ላይ በጀርባው ተኝቶ ጎማውን ቀየረላት። ከዚያ ቤቷ በር ድረስ ከኋላ ከኋላዋ እየነዳ ሸኛት። ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎት ነበር። ስምህ ማን ነው ስትለው «ኒኖ» ብሎ ሄደ። ስፈልግህ ኖርኩ፣ ሳላመሰግንህ አለች፤ ለሟቹ።

ሜሮን ያኔ አለቀሰች። ከመጣች የመጀመሪያዋ ነው። ሴትየዋን አቅፋ።

ማስታወሻዬ፣ ያ ሰው ባሌ ነው! ያን ቀን ጣቶቹ ደርቀው ቁልፍ ማዞር አቅቶት በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሁሉን ነግሮኛል፤ ሁለቱን ልጆች፣ ሸኝቶ መመለሱን። አፌን ልከፍት ስል ኒኖ ከማዶ አየኝ። አትናገሪ በሚል ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። እናም ተነሥቶ ለወ/ሮ ዘነበች ውሃ አመጣላት። እግዜር ይስጥልኝ አለችው። አላወቀችውም።

ዛሬ ወደ መቃብሩ ስንሄድ መኪና ውስጥ ጠየቅኩት። ምን ይጎድልብኛል? አለኝ። እኔ ነገ ሌላ ጎማ እቀይራለሁ። እሱ ከእንግዲህ ምንም አይቀይርም።

ያምራል። ግን ልጅቷስ? ውሸት እያስታቀፍን ነው የምንሸኛት? መሪውን ይዞ ፊት ፊቱን ያያል።

ቀብሩ ደህና ነበር። ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 15

ከሜሮን ጋር ስኔልቪል ሄድን፣ የአባቷን ቤት ልናይ። ትንሽ፣ ንጹሕ ቤት። ሣሩ ታጭዷል።

ሳሎን ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ የቪዲዮ ካሴት። አብዛኛው ጣሊያንኛ። ሜሮን አንዱን አወጣች፣ ሌላውን አወጣች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ነይ እዪ አለችኝ። እያንዳንዱ ሽፋን ላይ አንድ ኒኖ አለ! የአንዱ ተዋናይ ኒኖ፤ የአንዱ ሙዚቃ ደራሲ ኒኖ፤ አንዱ ስለ ብስክሌት እሽቅድምድም ነው፣ አሸናፊው ኒኖ። አንዱማ ላይ ብርሃን የያዘው ሠራተኛ ነው ኒኖ የሚባለው፤ በትንሽ ፊደል፣ ከታች፣ በቀይ አስምሮበታል።

ትንሽ ሆና ካሴት ቤት ይወስዳት ነበር አለች። ስሙን ካየ ይገዛል። ፊልሙ ምን እንደሆነ ግድ የለውም። ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት በልጅነቱ ያየው ኒኖ የሚባል አስቂኝ ሰው ነበር፤ እሱን ሲያስመስል ነው ሰፈሩ ስሙን ያወጣለት። እሷ ታፍርበት ነበር። ስሙ ጣሊያን፣ እሱ ጣሊያን አይደለም፣ ለጓደኞቿ ምን ብላ ታስረዳ?

አንድ ካሴት ለኒኖ ላከችለት። የብስክሌተኛውን። ስትሄድ በረዶው ላይ ያለውን ታሪክ አንዴ ንገሪኝ አለችኝ፤ ወ/ሮ ዘነበች ቶሎ ቶሎ ስታወራ አማርኛው አምልጦኛል ብላ። ፕሌን ያመልጥሻል አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ጾም ገባ። ሜሮን ደወለች፤ በሳምንት አንዴ ትደውላለች አሁን። ስለ በረዶው አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም።

ለኒኖ ዛሬ ቁርጡን ነገርኩት፦ ለአርባው ስትመጣ እነግራታለሁ። አንተ ባትፈልግም። አልተቆጣም። ኮቱን አድርጎ ወጣ። የት? ኤርፖርት፣ ታክሲዎቹ ወረፋ የሚጠብቁበት።

ሲመለስ ጆሮው በብርድ ቀልቷል። ይኼን ወስደሽ ባዶ እጇን ለምን ታስቀሪያታለሽ አለኝ፤ የአባቷን የራሱን ነገር ልፈልግላት ብዬ ነው። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠይቋል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ አልነገሩትም። ወረፋ ላይ ነገረኛ ነበር። መኪናው ውስጥ አያስበላም። ለማንም ሰው የመኪና ማንሻ ክሪኩን አያውስም፤ ደግሞ ራሱ አይችልበትም። ግን ብርድ በሆነ ጠዋት፣ ሥራ በሌለበት፣ በመኪኖቹ መሃል ወጥቶ የድሮ ፊልሞቹን ይጫወት ነበር። ሁሉንም ሰው ሆኖ። አንዱ ሾፌር ይኼን ሲነግረው በሳቅ ጀምሮ መጨረስ አልቻለም አለኝ።

ኒኖ አመድ የመሰለ ፊቱን ይዞ ኩሽና ቆመ። «ሳላውቀው ቀረሁ» አለ። «ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው እኮ።»

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 19

አርባው ረቡዕ ይውል ነበር፤ ለሠራተኛው ሲባል ለዛሬ ተዛወረ። የጾም ምግብ። ሰው በላ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሄደ። አቶ ታፈሰ መጨረሻ ወጡ።

ሦስታችን ኩሽና ቀረን። እኔ እቃ አጥባለሁ፣ ሜሮን ታደርቃለች። እጄን ሳልጠርግ ዞርኩባት።

«ሜሮንዬ፣ ያ በረዶው ላይ የነበረው ሰው አባትሽ አይደለም። እሱ ነው።» ኒኖን አሳየኋት።

ሳህኑን ማድረቋን አላቋረጠችም።

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለች።

ኒኖ ቀና አለ።

«አባቴ ጎማ መቀየር አይችልም። አንዴ ጎማ ፈነዳብን፣ ሰው ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ መኪና ውስጥ ፊልም ሲጫወትልኝ ቆየ። ሴትየዋ ስትናገር ያኔውኑ አወቅኩ። ከዚያ ደግሞ አንተ ውሃ ልታመጣ ተነሥተህ ሄድክ፣ ጆሮህ በእፍረት ቀልቶ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ሴትየዋ እያለቀሰች ነበር እኮ አለች። ሁላችሁም እንደዚያ እያያችሁኝ። ስሄድ ታሪኩን ድገሚልኝ ያልኩሽም እውነቱን ትነግሪኝ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው አለች። ደግሞ፣ ዩ ኖው፣ ለአንድ ማታ እንኳ እንደዚያ ያለ አባት ቢኖረኝ ፈለግኩ። የእሱን ፊልም አስቤ ነው ያለቀስኩት እንጂ በረዶውንማ አይደለም።

ኒኖ ከሾፌሮቹ የሰማውን ነገራት። ሁሉንም፤ ነገረኛነቱንም፣ ክሪኩንም። አዎ አዎ፣ እሱ ነው! አለች እየሳቀች። የቱን ፊልም? ብላ ጠየቀችው። አያውቅም። በቃ፣ ማስታወሻዬ፣ ልታሳየን ትሪውን አነሣችና ብርጭቆ ደረደረችበት። አስተናጋጅ ነው፤ ንፋስ ኮፍያውን ወስዶበታል፤ ብርጭቆው ሳይወድቅ ኮፍያውን ያሳድዳል። ያቺ ኮስታራ ልጅ፣ በኩሽናዬ ዙሪያ፣ በካልሲ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ! ማቀዝቀዣውን ይቅርታ ጠየቀች። ወንበሩን ይቅርታ ጠየቀች። ኒኖ ሆዱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እኔ አንዱን ብርጭቆ ከአየር ላይ ቀለብኩ።

ስትጨርስ ኮፍያውን ከወለሉ አንሥታ፣ ባዶ እጇን ማለት ነው፣ ራሷ ላይ አደረገችው። ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ፊቷን በፎጣው ሸፈነች፤ ሳቅ አልነበረም አሁን። ኒኖ ተነሣና አቀፋት። እኔ ቧንቧውን ዘጋሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 20 — ከሰዓት

ከቤ/ክ መልስ ሜሮን አልተቀመጠችም። የኒኖን አሮጌ ጃኬት ለብሳ ውጪ አስወጣችው። ታሪኩን አልመልስልህም አለችው፣ ወ/ሮ ዘነበችም እንዳመነች ትቆይ፤ ግን ጎማውን አስተምረኝ። በመስኮት አያለሁ። ክሪኩን በግልባጩ አስገባችው። ኒኖ አላረማትም፤ ቆሞ ጠበቃት፤ ራሷ አየችውና አስተካከለች። ቡሎኑ እምቢ ሲላት እግሯን ጫነችበት። ስትገባ አገጯ ላይ ግራሶ አለ።

የአባቷን ቤት ለመሸጥ ነበር የመጣችው፤ ወረቀቱን ይዛ። ምሳ ላይ አልሸጥም አለች። አትላንታ ውስጥ የእሷ መ/ቤት ቅርንጫፍ አለው፤ ከበዓሉ በኋላ ዝውውር እጠይቃለሁ። ካሴቶቹን ማን ያያቸዋል ታዲያ አለች፤ ገና ግማሹን እንኳ አላየሁም። ኒኖ ሥጋ በሌለበት ምሳ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

አሁን ኤርፖርት ልንሸኛት ነው። ታክሲዎቹ ጋ ቀድመን እንለፍ፣ ሾፌሮቹን ሰላም ልበላቸው ብላለች። የእንግዳ ክፍሉን አንሶላ ልቀይር ስገባ የቤት ጫማዋን አልጋው ሥር ትታዋለች። ረስተሻል ብዬ ልጠራት ነበር፤ ተውኩት፣ እዚያው ይሁን። ኒኖ መኪናውን አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋ ነው፣ መጣሁ አልኩት እኮ፣ ይህ ሰው…