ጥሩምባው ሲጮህ

ኅዳር 27 ቀን 2006

ቃሉ የእኔ የእንዳላማው ነው፣ እጁ የልጄ የእስከዳር። "አባዬ፣ ይሄን ባልጽፈውስ?" እንዳትለኝ ብያታለሁ። ያልኩትን ትጻፍ። ሌላ ሰው አያንብበው።

ዛሬም እንደ ትናንት። ከይጁቤ በላይ ኮረብታው ላይ የስልክ ማማውን ስንጠብቅ ዋልን። እኔ ከነምንሽሬ፣ ባልደረባዬ ታረቀኝ ከነዱላው። ነፋስ ብቻ... ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን የሚደውልልኝን ሳላይ አውቃለሁ። እስከዳር ለሁሉም የየራሱን ጥሪ አድርጋልኛለች። አለቃዬ ሙሉቀን ጥሩምባ። እሷ የሕፃን ሳቅ። ታረቀኝ ዶሮ።

"አያ፣ ዶሮ ያደረጉኝ ምን በድዬዎት ነው?"

"ሳይነጋ ስለምትለፈልፍ።"

ሳቀ። ከእኔ ጆሮ የሚያመልጥ የለም፣ እውነቴን ነው።

ታኅሣሥ 4

ማማው ተዘረፈ። ታረቀኝ ሞተ። ዛሬ አልናገርም።

ታኅሣሥ 6

አታልቅሺ እስከዳር፣ ጻፊ።

ከምሳ በኋላ ነው። ጥሩምባው ጮኸ። አነሳሁ። "ባትሪ የሚቀይሩ ሰዎች ልኬያለሁ፣ በነጭ መኪና ነው የሚመጡት፣ ክፈቱላቸው" አለ። ድምፁን ነፋሱ ይቆራርጠዋል። ታረቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ ነበር።

"አያ፣ የአለቃ ድምፅ አልመሰለኝም። ራሱ መጥቶ ይዘዘን።"

ደሜ ፈላ። "ጥሩምባውን አልሰማህም? የእኔን ጆሮ ልታስተምር ነው?"

የአጥሩን በር ቁልፍ ወረወርኩለት። ሄዶ ከፈተ።

ከመኪናዋ የወረዱት አራት ነበሩ። የመጀመሪያው ፌሮ ብረት ይዞ ወረደ፣ ታረቀኝን አናቱን አለው። ድምፁን ሰማሁት... እንጨት ሲፈለጥ እንደዚያ ነው። ተኮስኩ። አንዱን ጭኑን አገኘሁት፣ እንደ ፍየል ጮኸ። ሁለተኛ ጥይት ሳጎርስ ከኋላዬ መቱኝ። ምንሽሬን ነጠቁ። በገዛ ሰደፌ ጥርሴን አረገፉት። ወድቄ አየኋቸው፣ ባትሪውን ሲጭኑ፣ ገመዱን በመጥረቢያ ሲቆርጡ። የታረቀኝን ደም እየረገጡ ነው የሚመላለሱት።

ሲሄዱ ተስቤ ደረስኩበት። ጭንቅላቱን በጋቢዬ አሰርኩ። ይተነፍሳል። አምቡላንስ ለመጥራት እስከዳር ያሳየችኝን የስልኩን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም... ማማው ሥር ቁጭ ብዬ ኔትወርክ የለም! የቆረጡት እኮ የአካባቢውን ስልክ ሁሉ ነው።

ተሸከምኩት። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ አፌ ደም ሞልቶ፣ ተሸከምኩት። ከመኪና መንገዱ ሳንደርስ ትንፋሹ ቆመ። የበሩን ቁልፍ እንደጨበጠ ነው።

ታኅሣሥ 11

ሙሉቀን ከፖሊስ ጋር መጣ። የእሱን ስልክ ሌቦቹ በዘረፋው ዕለት ጠዋት ቁይ ከተማ መናኸሪያ ሰርቀውታል። መቆለፊያ ቁጥር እንኳ አልነበረውም። "የማማው ዘበኛ" የሚል ተጽፎ አገኙ፣ ደወሉልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አጥር አልሰበሩ፣ ግንብ አልናዱ።

"ቁልፉ ሟቹ እጅ ላይ ተገኝቷል። ማን አስከፈተው?" አለኝ ፖሊሱ።

አፌ እንዳበጠ በእጄ አሳየሁት። መናገር ግን እችል ነበር። ለምን ዝም አልኩ?

ታኅሣሥ 22

"ከሌቦቹ ጋር የተስማማው ታረቀኝ ነው" ይባላል። ይጁቤ ገበያ ላይ ሚስቱን አይናዲስን "የሌባ ሚስት" ብለው በድንጋይ ፈነከቷት። ወንድሙ አበረ የወርዋሪውን ክንድ በዱላ ሰበረው። አሁን ሌላ ጠብ ሊመጣ ነው።

እስከዳር እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "አባዬ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ጽፌ አይናዲስን በየት በኩል ልያት?"

ጻፊ አልኳት። አልጻፈችም። ይሄን ያስጻፍኳት በማግስቱ ነው።

ጥር 13

የታረቀኝ አርባ። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ዳሱ ውስጥ ሲቀመጥ ተነሳሁ።

"በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ታረቀኝ ተው ብሎኝ ነበር።"

ወዲያው አበረ ትከሻዬን በዱላ። ከዚያ ጉልበቴን። ተንበረከክሁ። ሦስተኛውን ግንባሬ ላይ አሳረፈው። እጄን አላነሳሁም። ሦስት ሰው አንቆ ያዘው።

አይናዲስ የተፈነከተ ራሷን እንደጠመጠመች ቀና አለች። "እስከ አርባው ምን ይጠብቁ ነበር?" አለችኝ።

ከዱላው ሁሉ የእሷ ባሰ።

የካቲት 20

ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ወርዷል። ዓይናችንን ግን ያስታረቀ የለም። ሙሉቀን "ስልኬ መሰረቁን ሳላስነግርዎ ቀረሁ፣ እኔም አለሁበት" ብሎ አላባረረኝም። ጠመንጃ ግን ከለከለኝ። አሁን አዲሱ ጠመንጃ አበረ ዘንድ ነው። በወንድሙ ቦታ የተቀጠረ እሱ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል።

እስከዳር ዶሮውን ከስልኬ ላጥፋው አለችኝ። እንዳትነኪው!

ሙሉቀን የድሮ ቁጥሩን መልሶ አውጥቷል። ዛሬ ከሰዓት ጥሩምባው ጮኸ። "ሠራተኞቹ ደርሰዋል፣ ክፈቱላቸው" ይላል። ድምፁ ቁርጥ ሙሉቀን። ከታች መኪና ቆማለች፣ መስኮቷ ተዘግቷል። አበረ ጠመንጃውን አቀባበለ። ዞረ። ከአርባው ወዲህ ዛሬ ገና አናገረኝ።

"ማን ነው?"

ሁለታችንም ቁልቁል መኪናዋን አየን። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩ።

"አላውቅም" አልኩት።