ወፍጮው ሲፈጭ የምትዘፍነው አምፕ

ለምወድህ፣ ለምትናፍቀኝ፣ አንዳንዴም ለምታበግነኝ ወንድሜ ለኖህ፤

እንዴት ነህልኝ? የጁባ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወባውስ ማረህ? ምግቡ ይስማማሃል? እንቅልፍህስ? እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ «ወገቡን አልጠየቅሽልኝም» ስላለች ወገብህስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ለዚህ ያደረሰን አምላክ ይመስገን። የእማዬ ጉልበት ብርድ ሲነካው ያጉረመርማል፣ ግን ከባለቤቱ አይብስም። ጉለሌም እንደተውካት ናት፤ ዳገቱ አልቀነሰም፣ የአዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍም አላጠረም።

በዚህ የስልክ ዘመን ወረቀት ላይ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ። በስልክ ስናወራ ጊታር የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ያንተ ኔትወርክ ወዲያው ይጠፋል። አብሮህ የሚሠራው፣ አንድ ቤት የምትኖሩት ሾዴ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስለዚህ ሾዴ እረፍቱን ጨርሶ ሰኞ ሲመለስ በእጁ እንዲያደርስልህ ይህን ጻፍኩ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። በል ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ፖስታው ውስጥ ያለውን ፍላሽም ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳትከፍተው።

ባለፈው ወር «አሮጊቷን ለሚፈልግ ሰው ስጪያት፣ ቤት አታጣብብ» ብለህ ልከህብኝ ነበር። አሮጊቷ የምንላት ያቺ ጣሊያን ሠራሽ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕህ፣ መሆኗን ለሾዴ ስል እጽፋለሁ፤ መንገድ ላይ ከፍቶ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ሾዴ፣ ይህቺ አምፕ በውስጧ እንደ ፍም የሚቀሉ የብርጭቆ ቫልቮች አሏት። ኖህ በገዛ እጁ አንድ ቫልቭ ጨመረላት። ጌይን የሚባለውን ቁልፏን ከፍ ስታደርገው የነካኸው ክር ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ቶሎም አይሞትም፤ ሊድ ጊታርን የሚያዘፍነው እሱ ነው። ለአንተማ ኖህዬ፣ ይህን መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው።

እውነቱን ልንገርህና ልሰጣት ተቃርቤ ነበር። ባንዳችን ከፋሲካ በኋላ አንድ ዘፈን ሊቀርጽ ወስኗል። መሐሉ ላይ ጊታር ዜማውን የሚመራበት ረጅም የሊድ ቦታ አለው፤ ሊድ የምጫወተው ደግሞ እኔ ነኝ፣ በአንተ ጊታር። አዲሱ ገበያ የሙዚቃ ዕቃ የሚያከራየው ስብሐት «ሞክሪና የወደድሽውን ትይዣለሽ» ብሎ ሁለት ባለ ቫልቭ አምፖች ሰጠኝ፤ አንዷ እንግሊዝ ሠራሽ፣ አንዷ አሜሪካ ሠራሽ፣ ሁለቱም ጌይናቸው ጣሪያ የሚያነሳ። በላዳ ጭነን ዳገቱን ስንወጣ ላዳዋ ከእኛ በላይ አቃሰተች። ደስታዬን ብታየው! ለዓመት በዓል በግ የተገዛልኝ ነበር የምመስለው።

ትናንት አርብ ጠዋት ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ በአንተ ክፍል፣ ከአሮጊቷ ጎን ደረደርኳቸው። ዳኛው ቤዝ የሚጫወትልን የጎረቤታችን የጋሽ ቡሽራ ልጅ ሂሻም ነበር። አይቶ እንዳያዳላ ዓይኑን በእማዬ ነጠላ ሸፍኜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ከግድግዳው ማዶ የአባቱ ወፍጮ ይፈጫል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለሚገቡ ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ ፋታ የለውም። አንተ ያስተማርከኝን የአንቺሆዬ ቅኝት ሐረግ በሦስቱም ላይ በተራ ተጫወትኩ። በአንቺሆዬ ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ ጌይን ሲበዛ ይደባለቃሉ፣ እዚያ ላይ ያልወደቀ አምፕ የትም አይወድቅም ያልከኝ አንተ ነህ።

እንግሊዟ መሐለኛው ድምፅ ላይ ብርቱ ናት። አፏን ሞልታ ትናገራለች፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለይታ ታወጣለች፣ ጣቴ የሳተውንም ሳትደብቅ ታሳጣኛለች። ሂሻም «ጎበዝ ናት፣ ግን ትቆጣለች» አለ። አሜሪካዋ ወፍራምና ለስላሳ ናት። ክር ጎትቼ ብይዝ ሄጄ እጄን ታጥቤ እስክመለስ ድምፁ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ግን አንቺሆዬው ላይ ሁለቱን ጎረቤት ድምፆች አንድ ላይ አገነፋቻቸው። ሂሻም «ትጣፍጣለች፣ ግን የምትለው አይሰማም» አለ። ሦስተኛዋ አሮጊቷ ነበረች። አንተ ከእኔ ከእህትህ በሰረቅከው የጥፍር ቀለም ምልክት ያደረግክባቸው ቁልፎች ላይ፣ ምንም ሳላዛንፍ፣ እንዳለች ከፈትኳት።

ኖህዬ፣ አለቀሰች። ሌላ ቃል የለኝም። ክሩን ስጎትተው መጀመሪያ ትንሽ ወደኋላ ትላለች፣ ከዚያ ታብጣለች፣ ከዚያ የሰው ጉሮሮ ትሆናለች፤ ድምፆቹ ተቀራርበውም አይነካኩም። ሂሻም ጎበዝ ናት አላለ፣ ደካማ ናት አላለ። ነጠላውን ከዓይኑ ሳያነሳ «ይሄ ኖህ ነው» አለ። በር ላይ ምስር ትለቅም የነበረችው እማዬ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ያን ድምፅ በዚያ ክፍል ከሰማነው አራት ዓመት ሆኖታል።

ስድስት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ቡሽራ ወፍጮውን አጥፍቶ ከሂሻም ጋር ለጁምዓ ሄደ። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ልልክልህ ፈልጌ አሮጊቷን እንደገና ከፈትኳት። ቁልፎቿን አልነካሁም፣ ምልክቱ ላይ ናቸው። ያወጣችው ድምፅ ግን ቆርቆሮ ላይ ምስማር ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነበር። ጮኸች፣ ደረቀች፣ ክሩ ገና ሳይጎተት ይሞታል። ገመዱን ቀየርኩ፣ ቫልቮቹን ነቅዬ መለስኩ፣ ምንም። ሰበርኳት ብዬ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ጣቶቼን አገላብጬ አየሁ። «እጄ ነው፣ የኖህ እጅ መድረቅ ወደኔ ተጋባ» አልኩ። እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ፒያሳ ባለው አዳራሽ፣ አሮጊቷን ይዘህ ወጥተህ፣ ሊድህን መሐል ላይ አቋርጠህ፣ ጊታሯን አስደግፈህ ከመድረክ የወረድክ ዕለት የሰማሁት ድምፅ ነው።

ቁጭ ብዬ ያንኑ ሐረግ እየደጋገምኩ ሳለ እነ ሂሻም ተመለሱ፣ ወፍጮውም ተነሳ። ራሴ ላይ ያለው አምፖል ቀላ። ክር ጎትቼ ይዤ ነበር፤ ጣቴ ሳይነቃነቅ፣ ቁልፍ ሳልነካ፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ እጄ ላይ ለዝቦ መዝፈን ጀመረ! እልል አልኩ። እማዬ እሳት የተነሳ መስሏት እየሮጠች መጣች።

እየበረርኩ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ሽሮ የሚያስፈጩት የእኛዎቹም፣ ለረመዳን ሾርባ ገብስ የሚያስከኩት እነ እትዬ ዘኪያም በአንድ ወረፋ ቆመዋል። ጋሽ ቡሽራን ወፍጮውን አጥፍቶ እንዲያስነሳልኝ ለመንኩት። «ሰው ሁሉ ወፍጮህ አላስተኛን እያለ ይወቅሰኛል፣ ዘፈነልኝ ብላ የመጣች አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ሴቶቹ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። እትዬ ዘኪያ «ለኖህ ከሆነ የኔ ገብስ ይቆይ» አለች፤ ሌሎቹም ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡ። አጠፋ፣ አሮጊቷ ጮኸች። አስነሳ፣ ዘፈነች። ደግሞ አጠፋ፣ ደግሞ አስነሳ። እነዚያ የስብሐት አምፖች ወፍጮው ሲነሳ ትንሽ ለሰስ ከማለት በቀር ጠባያቸውን አልቀየሩም። አሮጊቷ ግን ሁለት ሰው ናት።

አሁን ገባህ አይደል? የጄኔሬተር ሐኪም ነኝ እያልክ በሰው አገር ቮልቴጅ ወጣ ወረደ ስትል የምትውለው አንተ፣ የገዛ ቤትህን ነገር እንዴት አጣኸው? ያኔ ገና ጄኔሬተር አታውቅም ነበር፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ወፍጮው ሲነሳ የመስመሩን ኃይል ይሻማል፣ ወደ ክፍልህ የሚመጣው መብራት ይደክማል፣ ቫልቮቹም ዝግ ብለው ይሠራሉ። አንተ ያቺን ቫልቭ የገጠምከውም፣ ጌይኗን በጆሮህ የለካኸውም፣ ቁልፎቹ ላይ የጥፍር ቀለም የቀባኸውም ወፍጮው እየፈጨ ነው። ሳታውቀው ከወፍጮው ጋር ቃኘሃት። አዳራሹ ደግሞ መብራት ሳይዋዥቅ የሚይዝ ትልቅ ስታቢላይዘር አለን ብሎ የሚኩራራ ነበር፤ መብራቱ ሙሉ። አንተም በእምነት ምልክቱ ላይ ከፈትካት። በሙሉ መብራት ጮኸችብህ፣ አንተ ደግሞ እጅህን ጠረጠርክ።

ያን ጊዜ «ሰው ፊት ስቆም እጄ ይደርቃል» ብለህ ጊታሯን ለኔ ሰጠህ። እማዬ የሰው ዓይን ነው ብላ እንጦጦ ጸበል ስታመላልስህ ከረመች። እኛ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም አንተ ጁባ ገባህ። ኖህዬ፣ እጅህ አልደረቀም። አንድም ቀን ደርቆ አያውቅም። ይህን ስጽፍ ደስታና ንዴት ተደባልቀውብኛል፤ ደስታው በጣም ይበልጣል፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ ያላደረግከውን ጥፋት መሸከምህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል።

ሁለቱን አምፖች ዛሬ ለስብሐት መለስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሊሆንብኝ ነበር። ነገሩን ስነግረው ሲስቅ ቆየና «እንግዲህ ወፍጮም ማከራየት ልጀምር ነዋ» አለ። ዘፈኑ ስቱዲዮ ከተቀረጸ ግን ችግር አለ፤ እዚያም መብራቱ ሙሉ ነው፣ ጋሽ ቡሽራን ተሸክመን አንሄድም። መብራቱን በወፍጮው ልክ ዝቅ የሚያደርግልን ነገር መሥራት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም የፋሲካ እረፍቱን እዚያው ላሳልፍ እያለ ይለግማል።

አሁን ፍላሹን ክፈተው። መጀመሪያ ያለው አሮጊቷ ወፍጮው ጠፍቶ ናት። ትደነግጣለህ፣ ግን አትዝጋው። ሁለተኛው ወፍጮው ተነስቶ ነው፤ ከኋላ የእትዬ ዘኪያ ገብስ ሲከካ ይሰማሃል። ሦስተኛው በልምምድ ላይ የቀዳነው ዘፈናችን ነው። መሐሉ ላይ ስትደርስ ከበሮና ቤዝ ብቻ ይቀራሉ፣ ጊታር የለም። ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሊዱ ቦታ የኔ ነው ያልኩህን ሰርዘው፣ ያንተ ነው። ባንዳው ተስማምቷል። ካልመጣህ ባዶውን ባዶ አድርገን እናወጣዋለን እንጂ እኔ አልሞላውም።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ «ጸበሉም ሠርቷል፣ ዘገየ እንጂ» በይልኝ ብላለች። ሂሻም ትከሻህን በትከሻው መትቶ ሰላም ይልሃል። ጋሽ ቡሽራ ሰላም ብሎሃል፣ ወፍጮውን በነጻ አስነሳልሃለሁ ብሏል። እትዬ ዘኪያ ዱዓ ላይ ነች። ሾዴን፣ ደብዳቤውን እዚህ ድረስ ካነበበው፣ በእኔ ስም ጆሮውን ቆንጥጥልኝ።

መልስህን በወረቀት ካልሆነ አልልም፣ በስልክም ይሆናል፤ ኔትወርክ ካለህ።

የምትወድህ እህትህ
ቤዛዊት

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.