ማንም ያልሞተበት ሐሙስ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽን አልጠይቅም። ማታ ደውዬ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል። አንቺን በስልክ ማውራት እንደማይቻል ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ እህቴ «ምን አለች?» ብላ እንዳታቋርጥሽም በሩን ዝጊ። እትዬ ከውሰር ቀድማ እንዳትነግርሽ ለምኛታለሁ። አፏን እንዴት እንደቻለችው አላውቅም።

የምጽፍልሽ ከጣቢያው ቢሮ ነው። ከታች ባምቢስ እንደ ወትሮው መኪና ተቆላልፎ ቆሟል፤ ክላክስ አይቆምም። ቅድም ከላንቻ ስመጣ የታክሲው ረዳት ከአንድ ሰውዬ ጋር ፖለቲካ ጀምሮ መልስ መስጠት ረስቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲሄድ እሱ ገና ይከራከራል። ካዛንቺስ ደግሞ አምሮባታል፣ ልዋሽሽ አልችልም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ አበባ ተተክሏል፣ ሙሽሮች ሳይቀሩ ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። በር ከፍቶ «እንዴት አደራችሁ» የሚል ሰው ግን የለም። አንድ ቀን የእኛ ጓዳ የነበረበት ይመስለኛል ያልኩት ቦታ ላይ ሁለት ፍቅረኛሞች ቆመው ሲሳሳቁ አይቼ መናደድም መሳቅም አቃተኝ። ይህንን ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በሬዲዮ እለፈልፈዋለሁ። አንቺ «በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ምን ሥራ ነው?» የምትይው እሱን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። ሰፈሩ ከተነሳ በኋላ እድሩ ምን ላይ እንደነበር ታውቂያለሽ። ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ፣ የቀረው እግሩ እንዳደረሰው ተበተነ፤ ስልክ ቁጥር የቀየረው ተቀየረ። ጋሽ ታዲዎስ በሰብሳቢነታቸው የመጀመሪያውን ጉባኤ ሲጠሩ የመጣው ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር አልሞላም። ደንባችን ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ግማሹ አባል ካልተገኘ እድሩ ይፍረስ ይላል፤ ድንኳኑም ድስቱም ለሌላ እድር ይሰጣል። ሁለተኛው ጥሪ ለፊታችን እሑድ ነበር። አንቺ ደግሞ እህቴ ዘንድ ክፍለ ሀገር ከገባሽ በኋላ «ሰፈር የሌለው እድር ምን ሊረባ? ይፍረስ! የእኔንም ስም ሰርዢው» ብለሽ ለእድሩ ጸሐፊ ለእትዬ ከውሰር ነገርሻት። ያን ቀን በጣም ነው የተቀየምኩሽ። አባዬ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እሳት ያነደዱልን፣ ውኃ የቀዱልን፣ እኔን ጭናቸው ላይ ያስተኙኝ እነሱ አይደሉም እንዴ? እነሱን ካጣሁ ከዚያ ሰፈር የቀረኝ ነገር የለም፤ አስፋልት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ብልሃት አሰብኩ። የኛ አለቃ አባዲ ስለ ማስታወቂያ ቀልድ አያውቅም። «የሰፈርሽን ጉዳይ ከፈለግሽ ታች ማስታወቂያ ክፍል ውረጂ» ይላል። እኔ ግን ከካዛንቺስ ስለጠፉ ድምፆች ላወራ ነው አልኩት፤ ደግሞም እውነቴን ነበር። የቆራሌውን ጩኸት፣ የ‹ልዋጭ ልዋጭ› ባይዋን፣ ጎረቤቶቻችን በግድግዳ በኩል የሚጠራሩትን አወራለሁ፤ በመጨረሻ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ረጋሳ ትንሽ ይነፉልኛል። ከዚያ «ለመሆኑ እድሩ አሁን እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃቸውና እሳቸውም ሳያስቡት እንደመጣላቸው ሆነው «እሑድ ጉባኤ አለን» ይላሉ። እቅዴ ይኸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ረጋሳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጥሩምባቸውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ።

«ጋሽዬ፣ ትንሽ ብቻ ይንፉልኝ። ለትዝታ ያህል ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጥሩምባ ትንሽ የለውም። ከነፋሁ ነፋሁ ነው» አሉኝ።

ማመን ነበረብኝ። ተራቸው ሲደርስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እማዬ፣ ያ ድምፅ በዚያች ጠባብ ስቱዲዮ ሲወጣ የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ጣልኩት። ነፍተው ሲጨርሱ ደግሞ የዘመናት ልማዳቸው ያዛቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እድርተኞች! የካዛንቺስ እድርተኞች ስሙ!» ብለው ተጣሩ። ቀጥሎ ምን ሊሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ቴክኒሻኑ ሰዓቴ ማለቁን አይቶ ቆረጠንና የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ለቀቀ።

ጥሩምባው ለምን እንደሚነፋ ለአንቺ አልነግርሽም። በሕይወቱ ለስብሰባ ተነፍቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የተማርኩት፣ ጋዜጠኛዋ፣ ይህ አልታየኝም!

ስልኩ መጮህ ጀመረ። አባዲ በሩን በርግዶ ገባ።

«እጸገነት፣ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም።»

«ማንም ካልሞተ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? አንዷ መስመር ላይ ሆና ስቅስቅ ብላ ‹ስሙን ብቻ ንገሩኝ› ትለኛለች! ምን ልበላት?»

ማስተካከያ እስኪነበብ ድረስ ግን ሰው ታክሲ ውስጥ ገብቷል። እኔም ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ወደ ካዛንቺስ ሮጥኩ።

የለቅሶ ቤቱ የት እንደሆነ ማንም ስላልሰማ ሁሉም እግሩ ወደሚያውቀው ሄዶ ነበር፤ የድሮው ቅያሳችን አፍ ጋ። ቅያሱ የለም፤ እነሱ ግን በትክክል እዚያው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት ደርበዋል፤ አንዷማ ንፍሮ ቀቅላ በድስት ይዛ መጥታለች። ሁሉም በየልቡ የሞተውን መርጦ ነው የመጣው። ታክሲ በቆመ ቁጥር አንዱ ሲወርድ «ውይ! አንተ ነህ ብዬ እኮ ስንሰቀሰቅ ነው የመጣሁት!» ብለው አንገቱ ላይ ይጠመጠማሉ። እሱም በተራው ሌላዋን አይቶ «አለሽ እንዴ! ተመስገን!» ይላል። ለቅሶ የመጣ ሰው እንደዚያ ሲሳሳም በዕድሜዬ አላየሁም። እኔም አንዱን ለቅቄ ሌላውን ስስም ጉንጬ ቀላ።

አንድ ደንብ አስከባሪ መጣና «እዚህ መሰብሰብ አይቻልም፣ ምንድን ነው?» አለ።

«ለቅሶ ነው» አለችው እትዬ ከውሰር፣ ሻርፗን እያስተካከለች።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እሱን እየጠበቅን ነው!»

ልጁ «በሉ በዚህ በኩል ሁኑ፣ መንገድ አትዝጉ» ብሎ ራቅ ብሎ ቆመ።

እኔም አንድ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ወጣሁና ማንም እንዳልሞተ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ «በሞት ይቀለዳል?» ብለው ሲቆጡ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ጋሽ ረጋሳ ጥሩምባቸውን እንደያዙ እያለከለኩ ደረሱ። ሰው ሁሉ ዞረባቸው።

«እኔ ምን ላድርግ?» አሉ በንዴት። «አፌን ስከፍት ዘይት አስገቡብኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ከውሰር ናት። ከዚያ የተቆጡት ሽማግሌ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ታዲዎስ ግን አልሳቁም። በአንገታቸው እየተንጠራሩ ሕዝቡን ሲቆጥሩ ቆዩና «ግማሹን አልፈናል» አሉ። «ጉባኤው ዛሬ ነው፣ አሁን።»

«ጥሪው ለእሑድ አይደል እንዴ?» አለ አንዱ።

«እሑድ ደግሞ ማንን ገድለን እንጥራችሁ?» አለች እትዬ ከውሰር። በዚህ ክርክሩ አለቀ።

የተወሰነውን ልንገርሽ። እድሩ አይፈርስም! አባል የትም ይኑር፣ ገላንም ይሁን አራብሳ፣ ድንኳኑ በአይሱዙ ተጭኖ እሱ ዘንድ ይሄዳል። የተቃወመ አንድ ሰው የለም። እጃቸው ሲወጣ ባየሽው! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ፎቶ የሚነሱት ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ፣ ንፍሮው ዙሪያውን ታደለ። እኔ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው፣ አላፍርበትም። አባዲም መጥቶ ኖሮ ከኋላ ቆሞ ድምፅ ሲቀዳ አየሁት። «ማስጠንቀቂያ ይጻፍልሻል» አለኝና ጥቂት ቆይቶ «ለሚቀጥለው ሐሙስ አሥር ደቂቃ ይበቃሻል?» ሲል ጠየቀኝ። አሥር ደቂቃ፣ እማዬ! እጥፍ ሥራ ያዝኩልሽ።

አሁን የቀረኝን ልናገር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስም ተጠርቶ ነበር። የተጠራ ሁሉ «አለሁ!» ይላል፤ ድምፁን ያላወቁት ደግሞ ዞር ብለው ያዩታል። በመሃል ጋሽ ታዲዎስ «ወይዘሮ ወርቄ» አሉ። እትዬ ከውሰር አልሰረዘችሽም። የዕቃ ቤት ኃላፊያችን አሁንም አንቺ ነሽ። መልስ ጠፋ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ የሞትሽው አንቺ እንደሆንሽ ያሰቡ ነበሩና አንዳንዶቹ ደነገጡ። እሳቸውም ቀስ ብለው ደገሙ፤ «ወርቄ?»

«አለች!» አልኩ። ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

«የት አለች?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ናት። እየመጣች ነው።»

«እሰይ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እማዬ፣ ከዚያ በኋላ ታክሲ በቆመ ቁጥር አንቺን ፍለጋ በሩን ሲያዩ ነው የዋሉት። እስከ መጨረሻው ተስፋ ያልቆረጡ ነበሩ።

ልጅሽ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዋሽታለች። እሑድ ጠዋት ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ነይና እውነት አድርጊልኝ።

የምትወድሽ፣
እጸገነት